የጋሽ እሸቴ አሥራ ስምንት ካራት

የምሥራች፣ ብረቱ ወጣ። መዳቡ ጠፍቶ ብረቱ በቦታው ገባ። የማን ብረት ትሉኝ እንደሆነ፣ የፒያሳው ወርቅ ሠሪ የጋሽ እሸቴ ነው፤ እንደ እውነቱ የልጃቸው የሐሴት ነው፤ ይበልጥ እንደ እውነቱ ግን ለብቻው በዓይን የማይታይ የአንድ አረንጓዴ አልጌ ነው።

ጋሽ እሸቴ ፒያሳ ወርቅ መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በካራት ታምተው አያውቁም። ሐሴት ለማስትሬቷ የምታጠናው በቆመ ውሃ ላይ የምናየውን አረንጓዴ ነገር ነው። አንድ ቀን ሱቅ ተቀምጣ አስረዳቻቸው።

"አባዬ፣ ፀሐይ ስትመታው ከአልጌው ውስጥ ኤሌክትሮን ይፈናጠራል። እሱን ተቀብላ ለሚቀጥለው የምታደርስ ትንሽ ፕሮቲን አለች። መሃሏ ላይ አንዲት መዳብ በአራት ጥርስ ተይዛለች።"

"ይቺማ ቀለበት ናት" አሉ ጋሽ እሸቴ። "በፈርጡ ቦታ መዳብ ገብቶ ነው እንጂ።"

"አልጌው መዳብ ሲያጣ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይሞትም። በብረት የሚሠራ ሌላ ፕሮቲን ያበጅና በሱ ይቀጥላል።"

"አራዳ ነው" አለ አጠገባቸው ሰዓት የሚጠግነው ኢስማኤል። "ማኪያቶ ሲያጣ ሻይ ያዛል።"

ሐሴት ማሳየት የነበረባት ይህንኑ መቀያየር ነው። አልጌውን ከዕቃ ዕቃ የምታዛውርበት ጫፈ ክብ ሽቦ ሲሰበርባት፣ ጋሽ እሸቴ ከመሳቢያቸው ቁራጭ ወርቅ አውጥተው፣ አቅጥነው ስበው ሠሩላት። "ወርቅ አይዝግም፤ ዕድሜሽን ሙሉ ተጠቀሚበት" አሏት። እሷም በእሳት እያጋለች፣ እያቀዘቀዘች ሠራችበት።

አልጌው ግን እምቢ አለ። መዳብ የሌለበት ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የመዳቡን ፕሮቲን ይሠራል። ውሃውን ለወጠች፣ ጨዉን ለወጠች፣ ብርጭቆውን በአሲድ አጠበች፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አስተማሪዋ እስከ ሰኔ ካልተሳካ ርዕስ ቀይሪ አሏት። ያ ማለት የአንድ ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ይዛ መጣች። "አባዬ፣ ጠቁሯል። ታጸዳልኛለህ?"

ጋሽ እሸቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ንጹሕ ወርቅ በእሳት አይጠቁርም፤ የሚጠቁረው ከወርቁ ጋር ያለው ነው።

"ሐሴትዬ፣ ይሄ አሥራ ስምንት ነው" አሉ።

"ምን አሥራ ስምንት?"

"ካራት። ከሃያ አራት እጁ ስድስቱ ወርቅ አይደለም፤ ብርና መዳብ ነው። እሳቱ መዳቡን ወደ ላይ አውጥቶታል። አልጌሽን መዳብ ሳጎርሰው የከረምኩት እኔ ነኝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ያልያዘውን ሰው አልጌ ያዘው" አለ ኢስማኤል።

ጋሽ እሸቴ አልሳቁም። እዚያው ሃያ አራት ካራት አቅልጠው አዲስ ሽቦ ሳቡላት።

ዛሬ ጠዋት ሐሴት ደወለች። ብረቱ ወጥቷል። አስተማሪዋ ግን ሁለቱም ሽቦዎች ጎን ለጎን ይጻፉ ብለዋል፤ በአሥራ ስምንቱ መዳብ፣ በሃያ አራቱ ብረት፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። "ሽቦው የማን ሥራ እንደሆነ መጻፍ አለብኝ፤ ለመጀመሪያው ስምህን ልተወው እንዴ?" አለቻቸው።

የጋሽ እሸቴ ስም የሠላሳ አንድ ዓመት ስም ነው።

"ጻፊው" አሉ። "አሥራ ስምንቱም የእሸቴ፣ ሃያ አራቱም የእሸቴ። በካራት አልዋሸሁም፤ በአልጌ ልዋሽ ነው?"

አፍንጮ በር ያለችው እህታቸው ተናኘወርቅ የምሥራቹን ገና አልሰማችም። ኢስማኤል ደውሎ ሳይቀድመኝ ልሂድ፤ ታክሲው ሊሞላ ነው።