ያልተሰካው ስፒከር

በያጁ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲፈጭ ኖሮ ግራ ጆሮው ድብን ብሎ ደንቁሮበታል። ይህን ለነፍስ አባቱም አልተናገረም፤ ለምን ይናገር? ሶፋው ላይ ሚስቱን በግራው ያስቀምጥና ወሬዋን ሁሉ «እሺ የኔ እመቤት» እያለ እየሸኘ፣ በቀኙ ቴሌቪዥኑን በሰላም ያዳምጣል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ለዚያው ቴሌቪዥን ዙሪያውን የሚያጅቡ አምስት ስፒከሮች ሊመርጡ ሱቅ ገቡ። ሻጩ መሃል ላይ አስቀመጣቸውና የጦርነት ፊልም ከፈተ።

«ከኋላ በግራ በኩል ያለው እንዴት ነው ጋሼ?»

በያጁ እንደ አዋቂ ዓይኑን ጨፈነ። «እሱማ ልዩ ነው። ፈረሱ ትከሻዬን ረግጦኝ ያለፈ ነው የመሰለኝ።»

ሻጩ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አየ። «ጋሼ፣ እሱን እኮ ገና አልሰካሁትም።»

ሚስት ወደ ግራ ጆሮው ተጠግታ አንድ ነገር ተናገረች። በያጁ ትንፋሿ አንገቱን ሲሞቀው ጊዜ «እሺ የኔ እመቤት» አለ እንደ ልማዱ።

ሻጩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ ‹ይሄ ጆሮህ ደንቁሯል እንዴ?› ነው እኮ ያሉዎት።»

ሚስት ወንበሯን አንስታ በቀኙ በኩል ተቀመጠች።

«ስፒከሩ ይቅርብን ልጄ» አለችው ሻጩን፤ «ከእንግዲህ በዚህ በኩል እኔ አለሁለት።»