ዳቦው ስንት ጊዜ እንደተገመጠ የሚያውቁት ሴት

እትዬ ማስረጃ ትክክለኛ ስማቸው ይሄ አይደለም። ትክክለኛውን ከባለቤታቸውና ከመታወቂያቸው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ባለቤታቸውም የሚጠሩበት ሲቆጡ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። የፈተና ሰሞን ደግሞ ፈታኝ ሆነው ክፍል ይገባሉ። የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው በር አጠገብ ይቆሙና፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ መዳፉ ላይ የጻፈውን ቀመር ያነባሉ። አንዱን፣ «ልጄ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ የመደመር ምልክቷን ረስተሃታል፤ በል አሁን ሄደህ ታጠብ» ብለውታል ይባላል። ተማሪ ከካደ፣ «ማስረጃ አለኝ» ነው መልሳቸው። ሁልጊዜም አላቸው። ስሙ ከዚያ ወጣላቸው።

ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ማስተዋል ጠቅልሎ ቤት ገባ። ባለቤታቸው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ግን እንግዳ ሲመጣ አንዲት ታሪክ ጣል ማድረግ የሚወዱ። እሱንም ተዉት። የልጅነታቸውን ውሻ ታሪክ በጀመሩ ቁጥር እትዬ ማስረጃ ከጓዳ ሆነው፣ «ባለፈው ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ቡናማ አደረግኸው» ይላሉ። እንግዳው ይስቃል፣ ውሻው ይሞታል፣ ታሪኩ እዚያው ይቀራል።

የእህታቸው ልጅ እኔ ከምሠራበት የፊልም ቡድን ጋር ረዳት ዳይሬክተር ነው። ረዳት ዳይሬክተር ማለት፣ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ ያሰበውን ለሠላሳ ሰው በጩኸት የሚናገር ማለት ነው። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ አክስቱ ቤት ሄዶ፣ ያለፈውን ፊልማችንን እንዴት እንዳዩት ጠየቃቸው።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ሰውየው ባንክ ሲገባ ከረባት ነበረው። ሲወጣ የለውም። ባንኩ ወሰደበት ማለት ነው?»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ፊልሙን ስንት ሰው አይቶት፣ እኛም ስንቴ አይተነው፣ ከረባቷን ያየ አልነበረም። በሳምንቱ ተመልሶ፣ «አክስቴ፣ ሥራ አግኝቼልሻለሁ» አላቸው።

ሥራው ኮንቲኒዩቲ ይባላል። ፊልም እንደምናየው በተራ አይቀረጽም። ሰውየው በሩን ከውጭ ሲያንኳኳ ሰኞ ይቀረጻል፤ በዚያው በር ሲገባ ደግሞ ሐሙስ። በመሀል ጢሙን ተላጭቶ፣ ወይ ሰዓቱን ወደ ሌላኛው እጁ አዙሮ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ማስረጃ ይህን ሲሰሙ፣ «ለዚህ ደሞዝ ይከፈላል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ባለቤታቸው ግን ቃሉ አልያዝላቸው ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ «ኮንቲኔንታል ተቀጠረች» ብለው አወሩ። ጎረቤቱ ሆቴል መስሎት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ።

በመጀመሪያው ቀን ደብተር፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዘው ደረሱ። እኔ ማይክ ያዥ ነኝ፤ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ማይክ ከተዋናዮቹ አናት በላይ አንጠልጥዬ ክንዴ እስኪደነዝዝ እቆማለሁ። ፊልሙ ላይ ጥላዬ እንኳን አይታይም። ከሰዓት በኋላ ግን ጠጋ ብለው፣ «ማስቲካውን ጠዋት በቀኝ በኩል ነበር የምታኝከው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልታይም።»

«እኔ አየሁህ» አሉና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በቀኝ ማኘክ ልማዴ ሆነ።

የምንቀርጸው ፊልም ሚስቱ ስለሞተችበት አባትና ለስድስት ዓመት ስላኮረፈው ልጁ ነው። ትልቁ ትዕይንት የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አባትየው ዳቦ እየበሉ ልጁን ይቅር ይሉታል። አባትየውን የሚጫወቱት ሽማግሌ ተዋናይ አንጋፋ ናቸው። ችግሩ ዳቦው ነው። ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር ንግግሩ ይደገማል፣ ዳቦውም ከአዲስ ይጀመራል። እትዬ ማስረጃ ደግሞ፣ «‹ልጄ› ባሉ ቁጥር ነው የገመጡት፤ ‹በቃ› ሲሉ ዋጡ» ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ሽማግሌው እስከ ምሳ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዳቦ «ልጄ» ሲሉ ገምጠው «በቃ» ሲሉ ዋጡ።

«እሜቴ፣» አሉ በመጨረሻ ቀበቷቸውን እየፈቱ፣ «እኔ እዚህ የቀረብኩት አባት ሆኜ ነው ወይስ ወፍጮ?»

«አባት ነዎት» አሉ እትዬ ማስረጃ። «ሦስት ጊዜ የገመጠ አባት። አሁን አራት ሊያደርጉት ነበር።»

ነገር የተበላሸው ድመቷ ስትመጣ ነው። ከጎረቤት ግቢ ዘልላ በመስኮት ገባች፤ ግራጫ፣ ግራ የፊት እግሯ ብቻ ነጭ ካልሲ የለበሰ የሚመስል። ቀረጻው እየሄደ ሳለ ሽማግሌው ጭን ላይ ወጥታ ተኛች። ሽማግሌውም ባለሙያ ናቸውና ሳይደናገጡ ጀርባዋን እየደባበሱ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አያችሁ? ብቸኝነቱን አያችሁ?» እያለ በየተራ ክንዳችንን ጨመቀ። ከአሁን በኋላ ይህ ትዕይንት ያለ ድመት አይሆንም አለ። እኛም ካሜራው ከልጁ በኩል የሚያየውን ሁሉ ከድመቷ ጋር ቀረጽን። ዋናው ቀረጻ ግን፣ ጠረጴዛው ሙሉ የሚታይበትና ይቅርታው የሚነገርበት፣ ፀሐይዋ ስላለፈች ለነገ ተቀጠረ። ድመቷም ለነገ የተቀጠረች መስሎን ነበር።

በማግስቱ የለችም። ጎረቤት ተጠየቀ፤ ጠዋት ወጥታለች ተባለ። ሠላሳ ሰው ሥራ ፈቶ ድመት ፍለጋ ተሰማራ። መብራት ሠራተኛው የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ወጣ። ካሜራማኑ፣ ከካሜራው በስተቀር ምንም የማይሸከመው ኩሩ ሰውዬ፣ አልጋ ሥር በሆዱ ተስቦ «ሙሪ፣ ሙሪ» ሲል ተሰማ። ሹፌራችን በበኩሉ መኪናውን አስነስቶ ሄደና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ግራጫ ድመት ይዞ ተመለሰ። ከየት እንዳመጣቸው የጠየቀው የለም። ፊቱ ግን ተቧጭሯል።

ሦስቱም እትዬ ማስረጃ ፊት ቀረቡ።

«ይቺ ነጩ እግሯ የቀኝ ነው» አሉ ስለ መጀመሪያዋ። ሁለተኛዋ ነጭ እግር ጭራሽ የላትም። የሜካፕ ባለሙያዋ «ለሱ አታስቡ» ብላ በፓውደር አነጣችላት፤ ድመቷ ተቀምጣ ሜካፑን ሙልጭ አድርጋ ላሰችና ሌላ ትጨመርልኝ በሚል ዓይን አየቻት። ሦስተኛው ላይ እትዬ ማስረጃ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ወንድ ነው።»

ዳይሬክተሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ፣ ድመት ድመት ነው» አለ። «ማን ነው ፊልም እያየ የድመት እግር የሚቆጥረው?»

እትዬ ማስረጃ አልተቆጡም። ደብተራቸውን ገልጠው አነበቡለት። «ግራ የፊት እግር ነጭ። ጢም፣ በቀኝ አምስት፣ በግራ ስድስት። ጅራት ወደ መስኮቱ። ያቺን ድመት የወደዷት እርስዎ ነዎት። እኔ የጻፍኩት እርስዎ የወደዱትን ነው።» ዳይሬክተሩ ወጥቶ ደረጃው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

እንደምንም ያለ ድመት እንሞክረው ተብሎ ማይኬን ከፈትኩ። ጆሮዬ ላይ «ኩርርር» የሚል ድምፅ ገባ። ማቀዝቀዣው ነው አልኩ፤ ተነቀለ። ኩርርር። የመብራቱ ገመድ ነው አልኩ፤ ጠፋ። ኩርርር። ዘንጌን እንደ ዓሣ አጥማጅ አስቀድሜ ድምፁ ወደሚጎላበት ስሄድ፣ ስሄድ፣ የልብስ ኃላፊዋ ሳጥን ላይ ደረስኩ። ስንከፍተው ድመቷ የአባትየው የክት ኮት ላይ ተጠቅልላ በሰላም እያንኮራፋች ነው። በሙያዬ ከዚያች ቀን የበለጠ የተከበርኩበት ቀን የለም። የልብስ ኃላፊዋ ግን ኮቱ የተሸፈነበትን ፀጉር አይታ ለእኔም ለድመቷም ሰላምታ ነሳችን።

ከዚያ ሁሉም በጥድፊያ ሆነ። ረዳት ዳይሬክተሩ ድመቷን እንደ እንቁላል አቅፎ ሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጣት፤ እስክትነሳ ያለን አንድ ዕድል ብቻ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። እትዬ ማስረጃ ዳቦውን ሊያዩ ሮጡ። ቅርብ ያለ ነገር የሚታያቸው መነጽር ሲያወልቁ ነው። አወለቁና ከዳቦው ሳህን አጠገብ አኖሩት፤ አፍንጫቸው ዳቦውን እስኪነካ ጎንበስ ብለው ትናንት የቆመበትን ግምጥ ቆጠሩ፣ ሦስት፤ ማንኪያውን በጣት ስፋት ገፋ አደረጉ።

«ሁላችሁም ከካሜራው ፊት ውጡ» አለ የእህታቸው ልጅ። እትዬ ማስረጃም ዘወር አሉ። መነጽሩ እዚያው ቀረ።

እኛ ሁላችንም የምናየው ድመቷን ነው። እትዬ ማስረጃ ከኋላዬ መጥተው ሸሚዜን ያዙ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ለካ ከዘንጌ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ሆኖባቸዋል። እሳቸው ግን ጭጋጉ ዕንባ መሰላቸው። እንዲህ ሆነው ተዋናዮቹን ሳያዩ በመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ሽማግሌው «ልጄ» ሲሉ፣ በነዚያ ሁሉ ዳቦዎች ያልመጣ ነገር ድምፃቸው ውስጥ መጣ። ቀረጻው ሲያልቅ ፊታቸው ዕንባ በዕንባ ነበር፤ ደብተሩም ላይ አንድ ቃል አልተጻፈበትም።

ድመቷ ሳህኑን ገልብጣ በመስኮቱ ወጣች። የዕቃ ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ካርቶን ውስጥ ጨመረ። እትዬ ማስረጃ ማታ ቤታቸው መነጽራቸውን ፈልገው ፈልገው ሲያጡ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ቤት ሲገቡ አውልቀው ወንበር ላይ አኑረውት፣ ባለቤታቸው ተቀምጠውበት፣ ሰባብረው፣ ደብቀውታል። ሰውየው ምለው ተገዘቱ። የሚሰማቸው አልተገኘም። ሌላ መነጽር ተገዛ፤ ቤቱ ውስጥም ለወራት ኩርፊያ ሰፈነ።

ፊልሙ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሁላችንም አንድ ረድፍ ተቀመጥን። ቁርሱ መጣ። ድመቷ አለች፣ ጅራቷም ወደ መስኮቱ ነው። ሽማግሌው ይቅር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዳቦው ሳህን አጠገብ፣ በስክሪኑ መሀል፣ በር የሚያክል ሆኖ የእትዬ ማስረጃ መነጽር ተቀምጧል። የግራ እጀታው በሰማያዊ ክር የታሰረ። በሚቀጥለው ምስል ላይ የለም። አጠገቤ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ መነጽር ሲቀመጡበት የሚወጣው ዓይነት።

መብራት ሲበራ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ተነሳ። «ጥያቄዬ ስለ ሟቿ ሚስት መነጽር ነው» አለ። «አባትየው ይቅር ሲል ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ከዚያ በፊት የለም፣ ከዚያ በኋላም የለም። እሷም ይቅር ብላ የሄደች ያህል ነው። እንዴት አሰብከው?»

ዳይሬክተሩ መነጽር የሚባል ነገር አላየም። ዝም አለ። አዳራሹ ዝምታውን እንደ ጥልቀት ቆጠረለት።

«አንዳንዱን ነገር አንተ ታስበዋለህ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዳንዱ ግን አንተን ያስብሃል።»

ጭብጨባው ሳያልቅ እትዬ ማስረጃ ተነሱ። የእህታቸው ልጅ በቀሚሳቸው ሊጎትታቸው ሞከረ። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ሲያናዝዙ የኖሩ ሴት ግን መናዘዝ ያውቃሉ።

«ይቅርታ፣ መነጽሩ የኔ ነው» አሉ።

ጋዜጠኛው እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። «ልክ ነዎት እናቴ። የእርስዎ ነው። የኔም ነው። የሁላችንም ነው።»

«አይደለም፤ የኔ ነው። የግራ እጀታውን በክር ያሰርኩት ራሴ ነኝ። ማስረጃ...»

የቀረውን ጭብጨባ ዋጠው። ከፊታቸው የተቀመጠች የማያውቋት ሴት ዞራ አቀፈቻቸውና፣ «የኔም እናት ክር ነበራት» ብላ አለቀሰች። እትዬ ማስረጃ ምን ያድርጉ? አባበሏት።

ቤታቸው ሄደው ባለቤታቸውን ይቅርታ ጠየቁ። በትዳራቸው ዘመን ይህ የመጀመሪያው ስለነበር ሰውየው የሚጠግኑትን ሰዓት አስቀምጠው፣ ወንበር ስበው፣ አንዴ ይደገምልኝ አሉ። ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ ተጨምሮ በጽሑፍ እንዲሆንላቸው ጠየቁ። ተጻፈላቸው። እስከ ዛሬ የሥራ ጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ከውሻው ታሪክ በፊት እሱን ያስነብባሉ።

በማግስቱ እትዬ ማስረጃ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ቢሮ መጡ። ዳይሬክተሩ ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተውና የሚቀጥለውን ፊልም ድርሰት አውጥቶ፣ በትሕትና፣ «እትዬ፣ እዚህኛው ላይ ምን ብንረሳ ይሻላል?» አላቸው። በሕይወታቸው እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። ሥራውን የያዙት ከንዴት የተነሳ ነው እላለሁ።

በዚያ ፊልም መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ጎደለና ባለቤታቸው ተጠሩ። ሥራቸው ካንደኛው ጥግ ወደ ሌላኛው ጋዜጣ ይዘው መሻገር ብቻ ነው። በደስታ መጡ። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተሻገሩ፤ አንዴ ጋዜጣው ተገልብጦ፣ አንዴ ኮፍያው ወደ ኋላ ሄዶ፣ አንዴ ካሜራውን አይተው ፈገግ ብለው። በአሥራ ሁለተኛው ላይ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«የኔ እመቤት፣ በየትኛው እግሬ ነበር የጀመርኩት?»

«በግራህ» አሉ እትዬ ማስረጃ፣ ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ። «ደግሞም ቀስ በል፤ ጉልበትህን ያምሃል።»