የኦይቫ የዓርብ ተራ

ራይሊ ኬምፓይነን ዕድሜዋን በታምፔሬ ከተማ የሹራብ ማሽን ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ወሬ አታበዛም። ማሽን ሲበላሽ "ቆሟል" ትላለች፤ የሰማትም መፍቻውን ይዞ ይመጣል። እዚያ አገር ከዚህ በላይ መናገር እንደ ልፍለፋ ይቆጠራል።

ጡረታ ስትወጣ የማታ ትምህርት ገብታ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ከምትኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው ሳውና፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየደፉ በእንፋሎቱ የሚያልቡበት ክፍል፣ ለነዋሪው ሁሉ በተራ ነው የሚዳረሰው፤ የተራው ነገር ጭቅጭቅ ቢያበዛ ራይሊ ድልድሉን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። ሁሉም ወደደው። የጎረቤቷ የኦይቫ ዓርብ ብቻ ለሦስተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ሄደ።

ኦይቫ ዓርብ ምሽት ከሚስቱ ከአውነ ጋር ሳውና መግባት የጀመረው ሕንፃው ገና አዲስ ሳለ ነው። አውነ ዓምና ሞተች። እሱ ተራውን አልተወም። በዚያ ዓርብ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ፤ በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም አነበበ፤ ተመልሶ ወጣ። ራይሊ ደረጃው ላይ አየችው። እስከሚቀጥለው ዓርብ ይህን ማስተካከል አለባት።

የማታ ተማሪዎቹ በኢንተርኔት የሚረዳዱበት ገጽ አላቸው። "አይሠራም" ብላ ጻፈችና የፕሮግራሙን ረጅም ኮድ እንዳለ ከሥሩ ለጠፈችው።

መምህሩ ያርኮ መለሰ። "የኔም መኪና አይሠራም። ምኑ ነው የማይሠራው?"

"ተራው።"

"አንቺም ዝም፣ ኮድሽም ዝም። ክፍሎቹን ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለሽ ሰይመሻቸዋል፤ ይሄ ሐ ማን ነው፣ አጎትሽ ነው?"

አብራት የምትማረው ፒርዮ ገባችበት። "ተዋት፣ ይሄ እኮ ለሷ ንግግር ማድረግ ነው።"

"እሺ፣" አለ ያርኮ፣ "የማያስፈልገውን ቁረጪ። ለሁሉም ስም ስጪ። ከየክፍሉ በላይ ለምን እንደጻፍሽው ለሰው አስረጂ። ምን ጠበቅሽ፣ ምን መጣ? ሕንፃችሁን የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርገሽ መልሰሽ ላኪ።"

ራይሊ ተናደደች፤ ግን ቁጭ አለች። ቆርጣ ቆርጣ ኮዱ በአንድ እይታ የሚያልቅ ሆነ። ሐ "የማይነካ ቀን" ተባለ። በላዩ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ "ይህ ቀን ዓርብ ነው፤ ለሌላ ማንም አይሰጥም። ኦይቫ ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥበት ነበር፤ አሁን ብቻውን ይቀመጣል። የጠበቅሁት ዓርብን ነው፤ ለእሱ የተሰጠው ግን ቅዳሜ ነው።" ይህን ያህል ለማንም ተናግራ አታውቅም።

መልሳ ላከችው፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ፒርዮ መለሰች። "ዓርብ ብለሽ ከሥሩ አምስት ቁጥር አስገብተሻል። ፕሮግራሙ ሰኞን ዜሮ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ አምስት ቅዳሜ ነው። አራት አድርጊው። ማብራሪያሽ ባይኖር ዓርብን መፈለግሽን በምን አውቅ ነበር?"

"አየሽ፣ መናገር አይገድልም" አለ ያርኮ።

ዓርብ ምሽት ኦይቫ ፊቱ ቀልቶ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ በሯን አንኳኳ።

"ተራዬ ተመለሰ።"

"አዎ።"

"ምን አድርገሽው ነው?"

አስገብታ ኮዱን አሳየችው። መነጽሩን አደረገ፤ ቁጥሩን እየዘለለ ማብራሪያውን አነበበ።

"ተሳስተሻል።"

ራይሊ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። "የቱ ጋ?"

"ጎን ለጎን አይደለም። አውነ ላይኛው መደብ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ድንጋዩ ላይ ውሃ የምትደፋው እሷ፣ ከታች ሆኜ በቃሽ እያልኩ የምለምነው እኔ። እሱን ጻፊው። ማሽኑን ያበላሸዋል እንዴ?"

"ማሽኑ አያነበውም። ለሰው ነው።"

"እንዲያ ከሆነ፣" አለ ኦይቫ ወንበር እየሳበ፣ "ሌላም አለ።"