የመሥራቹ ጽሑፍ አይነካም

የፖለቲካ መጽሔቱ ቢሮ ውስጥ «መቀስ» ይሏታል። ገጽ አቀናባሪ ናት። የሚኒስትርም ይሁን የፕሮፌሰር፣ ከገጹ የተረፈውን ትቆርጣለች፤ የሚያመልጣት የለም። ከአንድ ሰው በቀር። መጽሔቱን የመሠረቱት ሽማግሌ ከቤታቸው የሚልኩት ጽሑፍ አይነካም። ሲረዝም ፊደሉ ያንሳል። እሳቸው ደግሞ በየዕትሙ ይረዝማሉ። አንባቢ ዓምዳቸውን «የጉንዳን ሰልፍ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

በዚህኛው ዕትም ከጉንዳኑ ጎን የራሷ ጽሑፍ ሊወጣ ነበር። የመጀመሪያዋ ነው። ለእናቷ ነግራለች፤ እናቷ ደግሞ ለሰፈሩ። መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት በሚላክበት ቀን የሽማግሌው ጽሑፍ መጣና ገጹን ሞልቶ ወደ እሷ ገጽ ፈሰሰ። ፊደሉን ብታሳንሰው፣ ብታሳንሰው፣ ቀለም የተደፋ መሰለ።

«ያንቺ ለሚቀጥለው ይቆይ» አለ ዋና አዘጋጁ።

«ሁለት አንቀጽ ብንቆርጥላቸውስ?»

«አብደሻል? ጋሼን? ይልቅ እኔን ቁረጪኝ!»

አዘጋጁ ስብሰባ ሲገባ ሁለቱን አንቀጾች ደግማ አነበበች። ከላይ የተባለውን ነገር ልብስ እያስቀየሩ የሚደግሙ ናቸው። ቆረጠቻቸው፤ ፊደሉን አሳደገች፤ የራሷን ጽሑፍ ወደ ቦታው መልሳ መጽሔቱን ላከችው።

መጽሔቱ በወጣ ማግስት ሽማግሌው በከዘራቸው ደረጃውን እየቆረቆሩ መጡ። ቢሮው ብድግ አለ። አዘጋጁ ሌላ ሰው የማይቀመጥበትን ወንበራቸውን በእጅጌው ጠረገላቸው። ተቀምጠው ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ማነው የነካኝ?»

አዘጋጁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«እሰይ!» ከዘራው ወለሉን ጓ አደረገው። «ይኼን ሁሉ ዓመት ‹አሁንስ ማን ይገታኝ ይሆን› እያልኩ ሳስረዝመው፣ እናንተ ፊደሌን ታከሳላችሁ! የልጅ ልጄ እንኳ ‹አባባ፣ መንግሥት እንዳያነብህ ነው የሚደብቁህ?› አለችኝ።»

«እኔም ቁረጪ ብያት ነበር እኮ» አለ አዘጋጁ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌው ግን መጽሔቱን ገልጠው ከዓምዳቸው ወደ ጎኑ ገጽ አለፉ። የሷን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበቡና ቀይ እስክሪብቶ መዘዙ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ። የመጨረሻው አንቀጽ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ነይ፣ ተቀመጪና አብረን እንየው።» ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁላት።

መቀስ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጽሑፏ በቀይ ሲሰረዝ እያየች፣ ጥርሷን መክደን አቃታት።