የሚስራ ለስላሳ ምት

ሚስራ አብዱልከሪም ሥራዋ ጣና ዳር የሚወረወርላትን ዓሣ መቅለብ ነው። ዳሩ ድንጋያማ በመሆኑ ጀልባው ስለማይጠጋ፣ ወንድሟ ሱሌማን ከጀልባው ላይ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ አንድ በአንድ ይወረውርላታል፤ እሷም እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ በቅርጫት ትቀልባለች። ቅርጫቱን አጠንክራ ከያዘችው ዓሣው ይጎዳል፤ ስለዚህ ሲያርፍበት ወደ ሆዷ ሳብ ታደርገዋለች። አምልጦ የወደቀውን ደግሞ ወዲያው ታፍሳለች፤ አጠገቧ የሚጠብቁት የውሃ ወፎች አይቀድሟትም።

ኳስ በዱላ ተመትቶ ወደሚሮጥበት ጨዋታ፣ ወደ ቤዝቦል፣ የወሰደቻት ከእሷ ዓሣ የምትገዛው ተማሪ ቃልኪዳን ናት። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሜዳ ላይ የሚለማመድ የሴቶች ቡድን ነበር። ሚስራን በሩጫ የሚደርስባት አልተገኘም፤ ኳስ መትታ ሩቅ መላክ ግን አቃታት። አሰልጣኙ ግሩም፣ ከጎንደር ቡድን ጋር በሚደረገው የቅዳሜ ጨዋታ የምትሰለፈው ባንት ከቻለች ብቻ እንደሆነ ነገራት። ባንት ዱላውን ሳያወዛውዙ ኳሷን አለስልሶ እግር ሥር መጣል ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ሮጠው እስኪያነሷት መቺዋ ሮጣ መጀመሪያ የምትረግጠው አንደኛው ማረፊያ ላይ ትደርሳለች።

«ፊትሽን ወደ ወርዋሪዋ። ጉልበትሽን ሰበር አድርጊ። አንዱን እጅሽን ወደ ዱላው ወገብ አውጪው፤ ጣቶችሽ ከኋላ ይሁኑ፣ አለዚያ ኳሷ ትቀጠቅጥሻለች» አላት ግሩም በልምምዱ ላይ።

የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ነጥረው ወርዋሪዋ እጅ ገቡ።

«አትግፊያት፤ ተቀበያት» አለ ግሩም።

«እንደ ዓሣ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

ሚስራ ዱላውን ሳብ አደረገችው። ኳሷ ድምፅ ሳታሰማ ሣሩ ላይ ወደቀች። ግሩም ማጨብጨብ ሲጀምር ሚስራ ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሳቻት።

«ምን ነካሽ? መቺዋ በእጇ ከነካቻት እኮ ከጨዋታ ትወጣለች።»

«ወድቃ አየኋት።»

በሚቀጥለውም አነሳቻት፤ ከዚያም በኋላ። ቃልኪዳን ከሳቅ ብዛት መሬት ተቀመጠች። «ሚስሪ፣ እዚህ ወፍ የለም።»

«እጄ አያውቅማ።»

ግሩም አመነታ፤ ሌላ ሯጭ ግን አልነበረውም። ሚስራ ማታ ነገሩን ስትነግረው ሱሌማን እንደሚመጣ ማለ። «የወደቀ ስትለቂ ማየት አለብኝ።»

ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ። ቃልኪዳን ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆማለች፤ ከዚያ ሮጣ መቺዋ ከቆመችበት ከደረሰች ያሸንፋሉ። ተራው የሚስራ ሆነ። ጉልበቷን ሰበር አደረገች፣ እጇን ወደ ዱላው ወገብ አወጣች። ኳሷ መጣች፤ ዱላው ሳብ አለ። ኳሷ እግሯ ሥር ወድቃ ቀረች።

የሚስራ እጅ ወደ ታች ሄደ። ግሩም ፊቱን ሸፈነ።

«ሚስሪ፣ ለወፏ ተይላት» የሚል የሱሌማን ድምፅ ከሜዳው ጠርዝ ተሰማ።

እጇ ከኳሷ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ከዚያ ዱላውን ጥላ ሮጠች። የጎንደሯ ልጅ ኳሷን አንስታ ቀና ስትል፣ ቃልኪዳን ገብታለች፤ ሚስራም አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆማለች።

ሱሌማን አጠገቡ ላሉት ሁሉ «እኔ ነኝ ያስተማርኋት» ይላል።

«አንተማ ሥራህ መወርወር ብቻ ነው» አለችው ሚስራ፣ ከማረፊያው ሳትወርድ።