ዋርሳዬ ያመጣው አዲስ ካርድ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ እኔ እንዳስቀመጥሁለት ነው። ልጃችን ጎኑ የተከፈተ ኮምፒዩተር ፊት ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ከዳንግላ የመጣው ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ኮቱን ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን የሆነች ጎረቤታችን በሩ ሥር አግዳሚው ላይ ነበረች። እኔ የጓዳውን በር ተደግፌ ቆሜአለሁ።

ባለቤቴ የደም ግፊት ከመታው ወዲህ አይናገርም። አስተማሪ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችንም በአገውኛ የሚዘምሩትን መዘምራን ለብዙ ዘመን መርቷል። ከታመመ በኋላ ከጉሮሮው ከምትወጣ አንዲት ድምፅ በቀር ምንም አልነበረውም። የጤና ባለሙያዋ የሚያውቀውን ነገር እንድናሰማው፣ መዝሙርም ቢሆን እንድንሞክር ነገረችን። በስልክ አሰማነው። ስልኩን በግራ እጁ ገፋው። ልጃችን ለፋሲካ ስትመጣ የመሥሪያ ቤቷን ላፕቶፕ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ የድሮውን የመዘምራን ቪዲዮ ከፈተች። መዝሙሩ ሲጀመር ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ቃል አብሮ አለ። ጎረቤታችንም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አላለም።

ልጃችን ግን ያችን ቃል ይዛ ሄደች። በየቀኑ መዝሙሩን ቢሰማ ሌላ ቃል ይከተላል ብላ አመነች። ቴሌቪዥናችን ፍላሽ ይቀበላል፤ የዚያን ዘመን ካሜራ ቪዲዮ ግን አያነብም። ስለዚህ ለቤቱ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ልትሠራለት ተነሣች። የሚሠራው ሊነክስ በሚባል የኮምፒዩተር ማስነሻ ፕሮግራም ነው አለችኝ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሰው ሁሉ ፍላሹን እያመጣ ቢሰካበት ቫይረስ እንደ ሌላው አይጫወትበትም፤ አንዴ ካስተካከለችው እኔ አንዲት ቁልፍ ብቻ ተጭኜ መዝሙሩን እከፍታለሁ። ችግሩ፣ ሊነክስ ዕቃ ይመርጣል። አንዱን ያውቀዋል፣ ሌላውን አያውቀውም። ያገኘችው ያገለገለ ኮምፒዩተር የድምፅ መውጫው ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ሥዕሉም ድምፁም በአንድ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ግራፊክስ ካርድ በሚባለው፣ ውስጡ በሚሰካ ሰሌዳ በኩል ነው። ሁሉም ነገር በዚያ ካርድ ላይ ቆመ።

እርሷም ሊነክሱን በፍላሽ ይዛ ዳንግላ ወረደች። አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ገብታ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየሰካች ሞከረች። ድምፅ የሰጣት አንድ አሮጌ ካርድ ነው። ካርዱ ለጥገና ከገባ ከሌላ ሰው ኮምፒዩተር የወጣ ስለነበረ፣ ባለሱቁ ባለንብረቱን ሳልጠይቅ አልሰጥም አላት። ከዚያ በኋላ ተፈቅዷል፣ ሰው ላኪ ሲላት ለአጎቷ ደወለች። ቅዳሜ ሲመጣ ተቀብሎላት እንዲመጣ ለመነችው። ጊዜ አልነበራትም። አሶሳ ሥራ አግኝታ በማግሥቱ ትሄዳለች፤ ላፕቶፑንም ለቀድሞ መሥሪያ ቤቷ መልሳለች።

ዋርሳዬ የገባው ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ካርቶን ይዞ ነው። ልጃችን ካርቶኑን አየች፤ እርሱን አየች።

ዋርሳዬ ዳንግላ ውስጥ ኮርቻና የጋሪ ዕቃ ይሸጣል። ጥገና ሱቁ ደርሶ አሮጌውን ካርድ ባየ ጊዜ እንዳፈረ ነገረን። አቧራ የጠጣ ነው፣ ፊቱም የተጫረ ነው። ለታመመ ታላቅ ወንድም እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አይገባም። ከጎን ካለው ሱቅ ካሉት ሁሉ አዲሱን ጠይቆ ገዛ።

"ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ለወንድሜ ጎትቼ ልምጣ?" አላት። "ዳንግላ ሙሉ ይስቅብኛል።"

ጎረቤታችን ተባረክ አለችው። ተነሥታም በካርቶኑ ላይ እጇን ጭና ጸለየች። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ ይጸለይበታል። ዋርሳዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጃችን ዓይኗን እንደጨፈነች ቆየች። ከዚያ በኋላ ይህ የታዘዘው አይደለም ብሎ የሚናገር አልነበረም። አጎቷ ነው፣ ከኪሱ ያወጣው ነው፣ ተጸልዮበታልም። ፕላስቲኩን ቀድዳ ካርዱን ሰካችው።

ሥዕሉ መጣ። ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን መጣ። ዋርሳዬ እጁን አጨበጨበ። በቴሌቪዥኑ ላይ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ባለቤቴ በጤናው ጊዜ ከፊታቸው ቆሞ እጁን አነሣ። ሁሉም አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም።

ወንበሩ ላይ ያለው ባለቤቴም አፉን ከፈተ። ጠበቀ። በቴሌቪዥኑ ያሉት እየዘመሩ ነው፤ እርሱ አፉን እንደከፈተ ያያቸዋል። ቪዲዮው እስኪያልቅ አልዘጋውም። ሄጄ አገጩን በመሐረብ ጠረግሁለት።

ልጃችን ገመዱን ነቅላ ሰካች። ቅንብሩን ከፍታ ፈለገች። በስልኳ ኢንተርኔት ከፍታ ደግሞ ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ብዙ አነበበች። ዋርሳዬ ድምፁን ከፍ አድርጊው እያለ በላይዋ ቆመ። ጎረቤታችን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ተቀብላ ተጫነች። በመጨረሻ ልጃችን ስልኳን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ፈረሱ ደህና ነው" አለችው። "ጋሪው ነው ያልለመደው።"

ሳቀ። ሲጨርስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ካርዱ በጣም አዲስ በመሆኑ ሊነክሱ ገና እንደማያውቀው ነገረችው። ሥዕሉን በግምት ያሳያል፤ ድምፁን አያወጣም። የሚያስተዋውቀው ነገር ገና አልተሠራም፤ ምናልባት ከዓመት በኋላ ይሠራ ይሆናል።

ዋርሳዬ ወደ ወንድሙ ዞረ። ባለቤቴ አሁንም ወደ ቴሌቪዥኑ ያያል። ዋርሳዬ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

"ዓመት ይጠብቃል እንዴ?" አለ።

ጎረቤታችን እግዚአብሔር በጊዜው ያደርጋል አለች። ልጃችን የኮምፒዩተሩን ጎን መክደን ጀመረች። ብሎኖቹን በዝግታ ታስራለች። አጎቷ ባለበት ካርዱን ንቀዪው ካላልኋት እንደማትነቅለው አውቃለሁ። እርሱም ራሱ መልሱልኝ አይልም። በዚህ ዓይነት ልጃችን ነገ ትሄዳለች፤ ድምፅ የሌለው መዝሙር እኔና ባለቤቴ ዘንድ ይቀራል።

"አትክደኚው" አልኋት። "ንቀዪው። አሮጌውን አመጣለሁ።"

ጎረቤታችን ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ የተጸለየበት ዕቃ ከቤት ይወጣል?" አለችኝ።

"ጸሎቱ እዚሁ ይቀመጥ። ዕቃውን እመልሳለሁ።"

ዋርሳዬ ወደ ደጅ አንድ እርምጃ ሄደ። እርስዎ ለምን ይንገላታሉ፣ እኔ እሄዳለሁ አለ። ፊቱ ቀልቷል።

"አንተ ከሄድህ ሌላ አዲስ ታመጣለህ" አልሁት።

ልጃችን አንገቷን ደፋች። ስትስቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ አላየሁም። ካርዱን ነቅላ ወደ ካርቶኑ መለሰችው። አሮጌው ካርድ ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታ፣ ስትሞክረው ጀርባው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ እንዳደረገችበት ነገረችኝ። ዳንግላ እስክደርስ እንዲጠብቀኝ ለባለሱቁ ደወለች። እስከ ምሽት ብመለስ ሰክታ፣ ሞክራ፣ አስተካክላ ለመሄድ ይበቃታል።

ዋርሳዬ ከኋላዬ መጣና ካርቶኑን ከእጄ ወሰደው። የሚከራከር መስሎኝ ነበር። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቀለለውና መለሰልኝ።

"አደራ እትዬ" አለ። "ባለሱቁን፣ ያጠፋው ዋርሳዬ ነው እንዳይሉት። ያውቀኛል።"

አልልም አልሁት። ለባለቤቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንድትሰጠው ለልጃችን ነገርኋት። ነጠላዬን ደርቤ፣ ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አንሥቼ ወጣሁ።