አውሮፕላኑን ማረፊያ ያሳጣው ጸሎት

የጂንካ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው መካከል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን፣ ዋናው ተግባሬ መንገደኛን ማስተናገድ ሳይሆን ሜዳውን ማስለቀቅ ነበር። ሳይረኑ ሲነፋ ላሞቹ ያለ ክርክር ይወጣሉ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ በውጤቱ እስኪስማሙ ይቆያሉ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የሕዝብ አስተዳደር ለኳስ ተጫዋቾቹ በቅቶኛል።

ለጸሎት ግን አልበቃኝም። አንድ ቀን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ባለቤት እንጨት ሲፈልጡ ስንጣሪ ዓይናቸውን ወጋቸው። ሐኪሙ፣ እስከ ነገ አዲስ አበባ ደርሰው ካልታከሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እኔ ሊወስዳቸው ከሚመጣው አውሮፕላን አብራሪ ጋር በሬዲዮ ስነጋገር፣ ሸኚዎቹ ሴትዮዋን ሜዳው መሃል ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ከበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ሳይረኑን አስነፋሁ፤ የተንቀሳቀሰ የለም።

«ሜዳው ላይ ስብሰባ አለ እንዴ?» አለኝ አብራሪው ከሰማይ።

«ጸሎት ነው።»

«ስለ ምን?»

«አንተ በሰላም እንድታርፍ።»

«እንግዲያው አስነሳልኝ። ደመናው እየወረደ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ካልለቀቁ ወደ አርባ ምንጭ እመለሳለሁ።»

ወደ ሜዳው በፍጥነት ሄድኩ። ሽማግሌው ስለ አብራሪው ጸልየው፣ ከክንፎቹ ወደ ጎማዎቹ ተሸጋግረዋል። ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቄ፣ ጸሎቱ እንዲዘጋ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልኩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ሽማግሌው ግን የእኔ አሜን ብርታት ሰጥቷቸው ወደ ነዳጁ ተሻገሩ።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይናቸውን የገለጡት፣ አንዱ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረው ሴትዮ ብቻ ነበሩ። ከአናታችን በላይ የሚዞረውን አውሮፕላን ቀና ብለው አዩና የባላቸውን ኮት ጎተቱ።

«አንተ፣ የለመንከው መጥቷል። የሚያርፍበት ስጠው እንጂ።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ጸሎቱ ከነዳጁ ሳያልፍ ተዘጋ፤ ሜዳው በላሞቹ እንኳ ባልታየ ፍጥነት ተለቀቀ። አውሮፕላኑ አርፎ ሴትዮዋን ይዞ ከደመናው በፊት ተነሣ።

ከሳምንታት በኋላ ሴትዮዋ በሁለት ዓይናቸው እያዩ ከአውሮፕላን ወረዱ። ባላቸው እዚያው ሣሩ ላይ ቆመው ለምስጋና ጸሎት እጃቸውን ሲያነሡ፣ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ይዘው «መጀመሪያ ዳር እንውጣ» አሏቸው።